በብሎክ ውስጥ ብሎክ፦ ኤድስኸር ዳይክስትራ እና የኮምፓይለር ወሰን ጥያቄ

በኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች የኤድስኸር ዳይክስትራ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአጭር መንገድ ፍለጋ ስልት ጋር ተያይዞ ነው። ተማሪው በግራፍ ላይ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ማስላት ሲማር ስማቸውን ይሰማል፤ ፈተናውን ካለፈ በኋላም ስልቱን እንጂ ሰውየውን አያስታውስም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ ያነሰ የሚታወቀውን፣ በጸሐፊው ግምት ግን ለዛሬው የፕሮግራም ቋንቋ ይበልጥ የሚቀርበውን የሥራቸውን ክፍል ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሸከፉ ማወጃዎች እስከ ስንት እርከን ሊወርዱ ይገባል? ወሰኑንስ የሚያስቀምጠው ቋንቋው ነው፣ ኮምፓይለሩ ነው፣ ወይስ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው? ዳይክስትራ በ1960 ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጡ፤ ከ16 ዓመት በኋላ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ነገሩን ግልጽ ማድረግ ይገባል። ማወጃ ስንል ፕሮግራመሩ አንድን ተለዋዋጭ ወይም ፕሮሲጀር በስም አስታውቆ ለሥራ የሚያዘጋጅበትን የፕሮግራም ዐረፍተ ነገር ማለታችን ነው። ብሎክ ደግሞ ማወጃዎችንና ትእዛዞችን በአንድ አጥር የሚይዝ የጽሑፍ ክፍል ነው፤ በውስጡም ሌላ ብሎክ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ሊኖር ይችላል። በውስጠኛው ብሎክ ያለ ትእዛዝ የራሱንም ሆነ በዙሪያው ያሉትን የውጭ ብሎኮች ስሞች ያውቃል፤ ከውጭ ያለው ግን የውስጡን አያይም። በጓዳ ያለች ሴት በሳሎንም በግቢም ያለውን ዕቃ ታውቃለች፤ በሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ግን በጓዳ ምን እንዳለ አያውቅም። ችግሩ የሚመጣው ጓዳው ሌላ ጓዳ፣ ያም ሌላ ጓዳ ሲኖረውና የመጨረሻዋ ከግቢው አንድ ዕቃ ስትፈልግ ነው። ማሽኑ ያንን ዕቃ በየት በኩል ሄዶ ያመጣዋል?

ዳይክስትራ በሜይ 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኬሚስትና መምህር፣ እናታቸው የሒሳብ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሕግ አጥንተው ሀገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት የመወከል ሐሳብ ነበራቸው፤ ነገር ግን በሒሳብና በተፈጥሮ ሳይንስ ያገኙት ውጤት ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ መራቸው። በ1951 በእንግሊዝ ሀገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ዊልክስ ያዘጋጁትን የፕሮግራም አጻጻፍ የበጋ ኮርስ ተከታተሉ። በማርች 1952 በአምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማእከል በፕሮግራመርነት ተቀጠሩ፤ የቀጠሯቸው አድሪያን ፋን ቫይንጋርደን ነበሩ። በቲዎሪ ፊዚክስና በዚህ ስም አልባ ሥራ መካከል ባመነቱ ጊዜ፣ ኮምፒዩተር የሚቀር ነገር እንዳልሆነ፣ ፕሮግራም መጻፍንም የተከበረ ሙያ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረድተው የመለሷቸውም ፋን ቫይንጋርደን ናቸው። ሙያው ያኔ የነበረውን ደረጃ የሚያሳይ አንድ ገጠመኝ አለ። በ1957 ማሪያ ዴቤትስን ሲያገቡ በጋብቻ መዝገቡ ላይ ሙያቸው ፕሮግራመር ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ የከተማው ሹማምንት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው ስላልተቀበሉ የቲዎሪ ፊዚክስ ሊቅ ተብለው ተመዘገቡ።

በሒሳብ ማእከሉ የነበረው አሠራር ለኋላው ሥራቸው መሠረት ጥሏል። ማሽኖቹን የሚሠሩት ብራም ሎፕስትራና ካሬል ስኾልተን ነበሩ፤ ዳይክስትራ ደግሞ ማሽኑ ገና ሳይሠራ ምን ማድረግ እንዳለበት በጽሑፍ ይወስኑና ለዚያ ወረቀት ፕሮግራም ይጽፋሉ። ስለዚህ የተጻፈው ውል ከብረቱ ይቀድም ነበር። ታዋቂው የአጭር መንገድ ስልትም በ1956 አርማክ የተባለውን ማሽን ለሕዝብ ለማስተዋወቅ በ64 የኔዘርላንድ ከተሞች ካርታ ላይ የታየ ነው። በ1959 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙበት ጽሑፍም ኤሌክትሮሎጂካ ኩባንያ ላመረተው ኤክስ 1 ማሽን የሠሩትን ሥራ የያዘ ነበር።

በጃንዋሪ 1960 ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ 13 ሰዎች በፓሪስ ተሰብስበው አልጎል 60 የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ቀረጹ። ፋን ቫይንጋርደን ከ13ቱ አንዱ ነበሩ፤ ዳይክስትራ ግን አልነበሩም። ቋንቋው ሁለት ከባድ ነገሮችን በአንድነት ይዞ መጣ። አንደኛው ብሎክ በብሎክ ውስጥ ያለ ገደብ እንዲሸከፍ መፍቀዱ ነው፤ በሪፖርቱ ውስጥ የእርከን ቁጥር የሚወስን አንድም ደንብ የለም። ሁለተኛው ፕሮሲጀር ራሱን በራሱ እንዲጠራ፣ ማለትም ሪከርሽን እንዲኖር መፍቀዱ ነው። ይህ ሁለተኛው በፓሪሱ ስብሰባ በግልጽ የተወሰነ አልነበረም። ከስብሰባው በኋላ በፌብሩዋሪ ወር ፋን ቫይንጋርደን በራሳቸውና በዳይክስትራ ስም ወደ ሪፖርቱ አዘጋጅ ወደ ፔተር ናውር ስልክ ደወሉ፤ በፕሮሲጀሩ አካል ውስጥ የራሱ ስም ሲገኝ ፕሮሲጀሩን መጥራት ማለት እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገባም ሐሳብ አቀረቡ። ናውር ዐረፍተ ነገሩን አስገቡት። አንዳንድ የኮሚቴው አባላት ኋላ ላይ ይህን እንደ አምስተርዳም ሤራ ቆጥረው አጉረመረሙ።

ጉርምርምታው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዘመኑ የነበረው የተለመደ አሠራር ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት በሜሞሪ ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ መስጠት ነበር። በ1957 የወጣው ፎርትራን እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ በውስጡም ብሎክ የሚባል ነገር አልነበረም። ወሰኖቹም የማሽኑን መልክ የያዙ ነበሩ፦ የፎርትራን ሰንጠረዥ ከ3 አቅጣጫ በላይ ሊኖረው አይችልም ነበር፤ ቋንቋው የተሠራለት አይ ቢ ኤም 704 ማሽንም 3 የኢንዴክስ ሬጂስተሮች ነበሩት። የጀርመኖቹ የአልኮር ቡድን ደግሞ የአልጎል ኮምፓይለሮቹን ሲሠራ ለፍጥነት ሲል ሪከርሽንን ወደ ጎን ትቶታል። ቋሚ ቦታ መስጠት ለሚሻ ኮምፓይለር ራሱን የሚጠራ ፕሮሲጀር እንቆቅልሽ ነው፤ አንዱ ስም በአንድ ጊዜ ስንት ቦታ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልምና።

ዳይክስትራና የሥራ ባልደረባቸው ያፕ ዞንፌልድ ለኤክስ 1 ማሽን የአልጎል 60 ኮምፓይለር መሥራት የጀመሩት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ማሽኑ ቃሉ 27 ቢት የሆነ ትንሽ ማሽን ነበር፤ ሁለቱም ሰዎች ከዚያ በፊት ኮምፓይለር ሠርተው አያውቁም። ሥራው እስኪያልቅ ጢማቸውን ላለመላጨት ተማማሉ። በኦገስት 1960፣ ሪፖርቱ በታተመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ኮምፓይለሩ መሥራት ጀመረ፤ ከአልጎል 60 ኮምፓይለሮች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዞንፌልድ ጢማቸውን ተላጩ፤ ዳይክስትራ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ።

የመፍትሔው እምብርት በዚያው ዓመት ኑመሪሸ ማቴማቲክ በተባለው መጽሔት ስለ ሪከርሽን ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ሐሳቡ ዛሬ የሁላችን ሀብት ስለሆነ አዲስነቱን መገመት ያስቸግራል። ለተለዋዋጮች ቋሚ ቦታ ከመስጠት ይልቅ ሜሞሪው እንደ ቁልል ይያዛል፤ በዛሬው አነጋገር ስታክ ማለት ነው። አንድ ፕሮሲጀር ሲጠራ በቁልሉ ጫፍ ላይ የራሱ ክፍል ይዘረጋለታል፤ ሥራውን ሲጨርስ ክፍሉ ይታጠፋል። ፕሮሲጀሩ ራሱን አሥር ጊዜ ቢጠራ አሥር ክፍሎች ይደራረባሉ።

ነገር ግን ቁልል ብቻውን የተሸከፉ ማወጃዎችን ችግር አይፈታም። ሀ የተባለ ፕሮሲጀር በውስጡ ለ የተባለውን፣ ለ ደግሞ ሐ የተባለውን ያውጅ እንበል፤ ሐ በ ሀ ውስጥ የታወጀ ተለዋዋጭ ይጠቀማል። ሀ ራሱን ሦስት ጊዜ ጠርቶ ከሆነ በቁልሉ ላይ ሦስት የ ሀ ክፍሎች አሉ። ሐ የሚፈልገው የትኛውን ነው? በቁልሉ ላይ ከሐ በታች ወዲያው ያለው ክፍል የጠሪው ክፍል ነው፤ ጠሪው ደግሞ የግድ በጽሑፍ ሐን የሚከብበው ፕሮሲጀር አይደለም። ዳይክስትራ ያዩት ቁልፍ ነገር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት የተለያዩ ማያያዣዎች ሊኖሩት ይገባል። አንደኛው ማን ጠራኝ፣ ስጨርስስ ወደ ማን እመለሳለሁ የሚለውን ይመልሳል። ሁለተኛው በጽሑፍ የከበበኝ ብሎክ ሕያው ክፍል የትኛው ነው የሚለውን ይመልሳል። የመጀመሪያው የሩጫውን ታሪክ፣ ሁለተኛው የጽሑፉን ቅርጽ ይከተላል። ሐ በሁለተኛው ማያያዣ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ከሄደ ትክክለኛውን ሀ ያገኛል።

ይህ መንገድ ምንም የእርከን ወሰን የለውም። ሰንሰለቱ የፈለገውን ያህል ይረዝማል፤ የሚያቆመው ሜሞሪው ሲያልቅ ብቻ ነው። ክፍያው ጊዜ ነው፦ አሥር እርከን ወደ ውጭ ያለ ተለዋዋጭ በተነካ ቁጥር ማሽኑ አሥር ማያያዣ ይከተላል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ከጎኑ ቆመ፤ የኮምፓይለር መጻሕፍት ዲስፕሌይ የሚሉትና አመጣጡን ወደ ዳይክስትራ ሥራ የሚመልሱት ነው። ዲስፕሌይ አነስተኛ ሰንጠረዥ ነው፤ በ1ኛው መስመር ላይ የ1ኛ እርከን ሕያው ክፍል አድራሻ፣ በ2ኛው ላይ የ2ኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የእያንዳንዱ ስም እርከን በትርጉም ጊዜ ስለሚታወቅ፣ ማሽኑ በሩጫ ጊዜ ሰንሰለት ሳይከተል በአንድ ዝላይ ይደርሳል። የተለዋዋጩ አድራሻም ጥንድ ቁጥር ይሆናል፤ አንደኛው እርከኑ፣ ሁለተኛው በክፍሉ ውስጥ ያለው ስፍራ።

ወሰኑ በዚህ በር ገባ። ሰንጠረዥ ሲሠራ ስንት መስመር ይኑረው የሚል ጥያቄ የግድ ይነሣል፤ መስመሮቹ የማሽኑ ሬጂስተሮች እንዲሆኑ ከተፈለገ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ገንዘብ ነው። በተጨማሪም ለእርከን የሚሰጥ ቢት ሁሉ ከስፍራ ቁጥሩ የሚነጠቅ ነው። የሚታወቀው የዚህ ምሳሌ የበሮውዝ ኩባንያ ማሽኖች ታሪክ ነው። ቀዳሚው ቢ 5000 ለአልጎል ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ በፍጥነት የሚደርሰው የራስ የሆኑትንና የሁሉም የሆኑትን ተለዋዋጮች ብቻ ነበር፤ በመካከል ባሉ እርከኖች የታወጁት በማሽኑ ዘንድ ቦታ አልነበራቸውም። ተከታዮቹ ቢ 6500 እና ቢ 6700 ይህን ለማረም ዲስፕሌዩን በብረት አስገቡት፤ 32 ሬጂስተሮች፣ ከ0 እስከ 31። ከእነዚህ ውስጥ 0ኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ የተጠቃሚው ፕሮግራም የሚጀምረው ከ2ኛው ነው። የአድራሻው ጥንድ ቁጥር 14 ቢት ስለነበረው በእርከንና በስፍራ መካከል ያለው አጥር ፕሮግራሙ ባለበት ጥልቀት መጠን ይገፋና ይሳብ ነበር። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ቢሆንም ቋንቋው የማያውቀው ቁጥር በቋንቋው ላይ ነገሠ።

ሐሳቡ ከአምስተርዳም የወጣው በወረቀት ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ ሀገር ለኬ ዲ ኤፍ 9 ማሽን የዌትስቶን አልጎል ኮምፓይለርን የሠሩት ብራያን ራንዴልና ሎውፎርድ ረስል ሥራውን ከዳይክስትራ ጋር ተወያይተውበታል፤ በ1964 ያሳተሙት መጽሐፍም ለአንድ ትውልድ የኮምፓይለር ሠሪዎች መማሪያ ሆነ። በ1982 ኢንቴል ያወጣው 80186 ፕሮሰሰር ኤንተር የተባለ ትእዛዝ ነበረው፤ ትእዛዙ ለፕሮሲጀር ክፍል ሲዘረጋ ዲስፕሌዩንም አብሮ ይገለብጣል፤ የእርከን ቁጥሩም ከ0 እስከ 31 ብቻ ነው። ትእዛዙ ዛሬ በምንጠቀምባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ውስጥ አለ፤ ምንም እንኳ ኮምፓይለሮች ከዜሮ በላይ በሆነ እርከን እምብዛም ባይጠሩት።

እዚህ ላይ ለተመራማሪ የሚጠቅም አንድ ልዩነት መጠቆም ያስፈልጋል። ሁሉም የእርከን ወሰን አንድ ዓይነት አይደለም። እስካሁን ያየነው የሩጫ ጊዜ ወሰን ነው፤ ማሽኑ ስሙን ፈልጎ ከማግኘት ጋር ይያያዛል። የሲ ቋንቋ ወሰን ግን ሌላ ነው። ሲ ፕሮሲጀር በፕሮሲጀር ውስጥ እንዲታወጅ ስለማይፈቅድ ዲስፕሌይ አያስፈልገውም፤ ብሎኮቹ ቢሸከፉም ኮምፓይለሩ ሁሉንም በአንድ ክፍል ውስጥ ሊያኖራቸው ይችላል። ሆኖም በ1989 የጸደቀው የሲ ደረጃ ማንኛውም ኮምፓይለር ቢያንስ 15 እርከን የተሸከፉ ብሎኮችን እንዲቀበል ይጠይቃል፤ የ1999ኙ ደረጃ ይህን ወደ 127 ከፍ አደረገው። ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ 256ን ይመክራል። እነዚህ ቁጥሮች ጣሪያ ሳይሆኑ ወለል ናቸው፤ ከዚህ ያነሰ አይፈቀድም ማለታቸው እንጂ ከዚህ አይበልጥም ማለታቸው አይደለም። የሚጠብቁትም የኮምፓይለሩን የራሱን ሰንጠረዦችና ቁልል ነው። በፓይተን የሚሠራ ተመራቂ ተማሪም 21ኛውን የፎር ዙር በ20ዎቹ ውስጥ ለመሸከፍ ቢሞክር ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ገና በትርጉም ላይ ይመለስበታል፤ የተለመደው የፓይተን ኮምፓይለር የተሸከፉ ብሎኮችን በ20 ይገድባልና። ለምን 20? ከቋንቋው ትርጉም የሚፈልቅ ምክንያት የለውም፤ አንድ ሰው በኮምፓይለሩ ጽሑፍ ውስጥ ያስቀመጠው ቁጥር ነው።

የዳይክስትራ የ1960 አቋም በእነዚህ ሁሉ ፊት ግልጽ ነበር ማለት ይቻላል። ቋንቋው ያልከለከለውን ኮምፓይለሩ ሊከለክል አይገባም፤ ማሽኑ ካልቻለም የሚያልቅበት ነገር ሜሞሪና ጊዜ እንጂ ትርጉም መሆን የለበትም። የተተረጎመው ፕሮግራም አብዛኛው ወደ ተዘጋጁ ንዑስ ፕሮግራሞች የሚደረግ ጥሪ ስለነበር ፍጥነቱ ተነቅፏል። እርሳቸው ግን ለትክክለኛነትና ለቀላልነት ፍጥነትን መክፈል ተገቢ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እዚህ ላይ ከአልኮር ሰዎች ጋር የነበረው ክርክር በአንድ ወገን ብቻ እውነት የነበረበት አይመስለኝም፤ የማሽን ሰዓት እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን የፍጥነት ጥያቄ የስንፍና ጥያቄ አልነበረም። ሆኖም ከ60 ዓመት በኋላ ቆጥረን ስናየው ሁለቱን ማያያዣዎች የማያውቅ የኮምፓይለር ትምህርት የለም።

በ1962 ዳይክስትራ በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያ ከጥቂት ሰዎች ጋር የሠሩት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1968 ታተመ፤ እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ ያለውን ብቻ እየተመረኮዘ የሚቆም አሠራር ነበረው፤ ሴማፎር የተባለውንም ዘዴ አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት ጎቱ የተባለውን የዝላይ ትእዛዝ የነቀፉበት አጭር ደብዳቤ ወጣ፤ ብዙ ስለተጻፈበት እዚህ አንመለስበትም።

የ1968 ዲሴምበር ግን መነሣት አለበት። የአልጎል ቋንቋ ቀጣይ የሆነውን አልጎል 68ን የሚቀርጸው የዓለም አቀፍ ቡድን መሪ ሐሳብ አመንጪ ፋን ቫይንጋርደን ነበሩ፤ ዳይክስትራን የቀጠሩት፣ ወደ ሙያው የሳቧቸው፣ በፓሪሱ ሪፖርት ላይ አብረዋቸው የደወሉት ሰው። ሰነዱ በሙኒክ ሲጸድቅ ዳይክስትራ፣ ሆር፣ ራንዴልና ሌሎች አባላት የተቃውሞ ሪፖርት ፈረሙ። ይዘቱ በአጭሩ፣ የፕሮግራመሩ ዋና ችግር የፕሮግራሞቹ ውስብስብነት በሆነበት ጊዜ አዲሱ ቋንቋ ለዚያ መሣሪያ ሊሆን አልቻለም የሚል ነበር። ዳይክስትራ ለመምህራቸው ያላቸውን አክብሮት አልካዱም፤ ፊርማቸውን ግን አልነፈጉም። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ጥያቄያቸው ማሽኑ ምን ያህል ጥልቀት ይሸከማል ከሚለው ተነሥቶ ሰው ምን ያህል ይሸከማል ወደሚለው እንደዞረ ይታያል። በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበሉ ያደረጉት ንግግርም ያተኮረው በዚሁ ላይ ነው፤ ፕሮግራመር የአእምሮውን ጠባብነት አምኖ በትሕትና እንዲሠራ አሳሰቡ።

በኦገስት 1973 የበሮውዝ ኩባንያ የምርምር ባልደረባ ሆኑ፤ በኑነን መንደር ከሚገኘው ቤታቸው ሆነው ይሠሩ ነበር። 32ቱን ሬጂስተሮች በብረት ያስገባው ኩባንያ ቀጣሪያቸው መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። እርሳቸው በዚያ ቤት የሚጽፉት ግን ስለ ማሽን አልነበረም። በ1976 ባሳተሙት የፕሮግራም ሥርዓት መጽሐፍ 10ኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ስለ ተለዋዋጮች የመታወቅ ክልል ነው፤ በጸሐፊው እምነት ይህ ምዕራፍ ከሚገባው በታች የተነበበ ነው።

በምዕራፉ ውስጥ ዳይክስትራ የሚተቹት ከ16 ዓመት በፊት ራሳቸው ሕይወት የሰጡትን የአልጎል 60ን የብሎክ ሥርዓት ነው። በአልጎል የውስጠኛው ብሎክ የውጭዎቹን ስሞች ሁሉ ሳይጠይቅ ይወርሳል። ኮምፓይለሩ በዚህ አይቸገርም፤ የሚቸገረው አንባቢው ነው። ከአምስተኛው እርከን ላይ አንድ ስም ያየ ሰው የስሙን ባለቤት ለማወቅ አራት አጥር ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በተቃራኒውም በውጭኛው ብሎክ ተለዋዋጭ ያወጀ ሰው ከውስጥ ማን እንደሚነካበት ለማወቅ የውስጡን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ይጠበቅበታል። በመካከል አንድ ሰው በዚያው ስም አዲስ ማወጃ ቢጨምር ትርጉሙ ያለ ድምፅ ይለወጣል። ሌላም ነቀፌታ አለ፦ ማወጃ ስሙን ያስታውቃል እንጂ ዋጋ አይሰጠውም፤ በማወጃውና በመጀመሪያው ዋጋ መካከል ስሙ ትርጉም የሌለው ሆኖ ይቆያል።

ያቀረቡት መፍትሔ ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ በራሱ ላይ የሚጠቀምባቸውን ስሞች በሙሉ ይዘረዝራል። የራሱ የሆኑትን የራሴ ይላል፤ ከውጭ የሚወስዳቸውንም በስም ጠርቶ ይወስዳል። ከውጭ ከሚወሰዱትም ውስጥ የሚነበቡት ብቻና የሚለወጡት ይለያሉ፤ ገና ዋጋ ያልተሰጣቸውና በዚህ ብሎክ ውስጥ ዋጋ ማግኘት የሚገባቸውም የራሳቸው ምልክት አላቸው። በዝርዝሩ ያልተጠራ ስም በብሎኩ ውስጥ የለም። በቤቱ ምሳሌ ስንናገር፣ በጓዳው በር ላይ ከሳሎንና ከግቢ የሚገቡት ዕቃዎች ዝርዝር ተለጥፏል፤ ያልተጻፈ ዕቃ አይገባም።

ይህን ከዲስፕሌዩ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሐሳቡን ጉዞ ያሳያል። የማሽን ዲስፕሌይ በ3ኛ እርከንም ሆነ በ30ኛ እርከን ያለን ስም በእኩል ፍጥነት ያገኛል፤ የ1976ቱ ዝርዝር ተመሳሳይ አገልግሎት ለአንባቢ ይሰጣል። ብሎኩ በስንተኛው እርከን ላይ እንዳለ ማወቅ ሳያስፈልግ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ በራሱ ላይ ተጽፏል። እንደዚያ ከሆነ 15፣ 32 ወይም 127 የሚለው ቁጥር በጽሑፉ ትርጉም ላይ ሥልጣን ያጣል። እርግጥ ነው፣ ዋጋ አለው። ዝርዝሩ ይረዝማል፤ አንድ ስም ከውጭኛው እስከ መጨረሻው ውስጠኛ ብሎክ እንዲደርስ በየበሩ መጠራት አለበት፤ ትንሽ ለውጥም አምስት ዝርዝር ያስነካል። ብዙኃኑ የቋንቋ ሠሪዎች ይህን ክፍያ አልወደዱትም፤ ሐሳቡም በሙሉ መልኩ ወደ ዋናዎቹ ቋንቋዎች አልገባም። ቢሆንም በ2011 የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ለላምዳ የተፈቀደው የተያዙ ስሞች ዝርዝር፣ በፓይተንም የውጭ ስምን ለመለወጥ አስቀድሞ ማሳወቅን የሚጠይቀው ደንብ፣ ከዚህ ሐሳብ ጋር ይመሳሰላሉ። ተጽዕኖ ስለመኖሩ አልከራከርም፤ ችግሩ አንድ መሆኑ ግን ይታያል።

በ1984 ዳይክስትራ ወደ አሜሪካ ሄደው በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ እስከ 1999 አስተማሩ። ጽሑፎቻቸውን በቀለም ብዕር በእጃቸው ይጽፉና እያባዙ ለወዳጆቻቸው ይልኩ ነበር፤ በስማቸው ፊደላት የተቆጠሩት እነዚህ ጽሑፎች ከ1300 በላይ ናቸው። በ2002 ታመው ወደ ኑነን ተመለሱ፤ በኦገስት 6 ቀን በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ወረቀቶቻቸው በኦስቲን ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ቁጥር የተሰጣቸው ጽሑፎቻቸውም በእጅ ጽሕፈታቸው እንዳሉ በዩኒቨርሲቲው በኩል ለማንም አንባቢ ክፍት ናቸው።